ንጹሕ የተባለው ደም

ሬሳው የተገኘው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻው ስቦ ነው። ሚስቱ ቁርስ አቅርባ ከማድቤት ደጋግማ ጠራችው። እንቅልፍ የሚወድ ሰው ስለነበር ዝም ማለቱ አላስደነገጣትም። እግሩን ይዛ ልታወዛውዘው ስትል ግን ቅዝቃዜው ከእጇ አልፎ ልቧ ድረስ ገባ። ጎረቤቱን የሰበሰበው ጩኸቷ ነው።

ሟቹ በከተማው ስሙ የገነነ የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ነበር። ደጋፊው ሁሉ «መዝጊያው» ይለዋል፤ እሱ ከቆመ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። በዚያው ሳምንት እሁድ ከውጭ አገር የመጡ ተጫዋች መራጮች ሊያዩት ቀጠሮ ይዘው ነበር። ከወደዱት ሕይወቱ ይቀየራል፣ ካልወደዱት እዚያው ያረጃል።

ለቅሶው ገና ሳይበርድ ታናሽ ወንድሙ፣ የጋራዥ መካኒክ፣ ግሪስ የጠገበ ቱታውን እንደለበሰ ፖሊስ ጣቢያ ገባና ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ። እሰሩኝ» አለ።

ጉዳዩ የተመራው አጠር ላለች፣ ሽበት ጣል ጣል ላደረገባት መርማሪ ነው። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እሜቴ ለምን» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ አይከፋትም።

«ያመነ ሰው አለሽ» አላት አለቃዋ። «የቡድኑ ሐኪምም ይመሰክራል። ቶሎ ጨርሰሽ ወደ ዐቃቤ ሕግ ላኪው።»

«ለምን ገደለው?»

«ተጣሉ።»

«ለምን ተጣሉ?»

አለቃዋ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ይኸው! ጀመራት። ሂጂ፣ ሂጂ፣ የፈለግሽውን ጠይቂ።»

መጀመሪያ የሄደችው አስከሬን ክፍል ነው። እዚያ የሚሠራው ሐኪም የድሮ ወዳጇ ሲሆን፣ ከሬሳ ጋር ስለሚውል ይመስላል በሕይወት ያለ ሰው ሲያገኝ ወሬ ይወዳል። የሟቹን ጸጉር ከግራ ጆሮው በላይ ገለጥ አድርጎ አሳያት። ቆዳው በልዟል። ከሥሩ አጥንቱ እንደ ሸክላ ተሰንጥቋል።

«ከአጥንቱና ከአንጎሉ ሽፋን መሃል ደም ተጠራቅሟል» አላት። «እንዲህ ያለው ሰው ከተመታ በኋላ ይነሳል፣ ይስቃል፣ ደህና ነኝ ይላል። ደሙ ግን ውስጥ ውስጡን ይሞላል። ኋላ አንጎሉን ይጫነዋል፤ ያኔ ያበቃል።»

«መቼ ተመታ?»

«ቀን ይሆናል፣ አመሻሽ ላይም ይሆናል። ከዚህ በላይ አታስለፍልፊኝ። ከዚህ ሌላ ቆዳው ላይ መርፌ የነካው እንኳ የለም፤ የስፖርተኛ ገላ ነው።»

መርማሪዋ የሟቹን እጆች አንድ በአንድ አየች። ትልልቅ ናቸው። የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ቀጥ ብላ ቀርታለች። ልታጥፋት ሞከረች።

«አትታጠፍም» አለ ሐኪሙ። «የቆየ ስብራት ነው፤ መገጣጠሚያው ተጣብቋል። ኳስ ያመጣበት ጣጣ ነው።»

ከዚያ ወንድምየውን አስጠራች። እጁን ታጥቦ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ግሪስ ግን አልለቀቀም። ቀና ብሎ አላያትም።

«እንደሆነው ንገረኝ» አለችው።

«ልምምድ ላይ ከግብ ብረት ጋር ተጋጭቷል ሲሉ ሰምቼ አመሻሽ ላይ ልጠይቀው ሄድኩ። ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ገና ስገባ ‹አባባ የት ሄዶ ነው?› አለኝ።»

«አባታችሁ የት ነበሩ?»

«አባባ ከሞተ ቆይቷል። ሲሞት ጋሼ ከቡድኑ ጋር ጉዞ ላይ ነበር፤ ቀብሩ ላይ አልደረሰም። ያስታመምኩትም የቀበርኩትም እኔ ነኝ። በዚህ ነገር ተኳርፈን በስንት ሽምግልና ነው የታረቅነው። ከዚያ ወዲህ አንስተነው አናውቅም። እና ‹ምን ማለትህ ነው?› ስለው ፈገግ ብሎ ‹አባባ ነዋ! ውጭ ቆሞ ይሆናል፣ በሩን ክፈትለት› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ያላገጠብኝ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። ልብሱን ጨምድጄ አስነሳሁትና ገፋሁት። ጭንቅላቱ ከበሩ መቃን ጋር ሲጋጭ ሰማሁ።»

«የትኛው በኩል?»

«አላየሁም። እሱ… ዝም ብሎ አየኝ። ‹ምን አደረግኩህ?› አለኝ፣ እንደ ሕፃን። ጥዬው ወጣሁ። እህል አልቀምስም እንግዲህ። ይፍረዱብኝ፣ ይጨርሱኝ።»

«ወንድምህ ቀልደኛ ነበር?»

«ጋሼ? ጋሼ እንኳን በአባባ፣ በጎረቤት ውሻም አይቀልድም።»

መርማሪዋ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ከዚያ ለጠባቂው «ሾርባ አምጡለት፤ እስኪጠጣ አጠገቡ ተቀመጡ» ብላ ወጣች።

ሚስትየዋ አስተማሪ ናት። ለቀስተኛው ሳሎን ሞልቶ ስለነበር መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። አልጋው ተነጥፏል። እሷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች እንጂ ወደ አልጋው አልቀረበችም።

«ጭቅጭቁን ሰምተሻል?»

«ማድቤት ነበርኩ። ድም ሲል ሰማሁ፤ ስወጣ ወንድሙ ሄዷል። ‹ምን ተፈጠረ?› ስለው ‹ማን መጥቶ ነበር?› አለኝ። ደክሞታል ብዬ ተውኩት።»

«ከዚያ በፊትስ ደህና ነበር?»

«ከልምምድ እንደተመለሰ መጋረጃውን ዝጊልኝ ብሎኛል። ብርሃኑ አስጠልቶት ነበር።» ድምጿ ወረደ። «ወንድሙ ከሄደ በኋላ ራሴን አለ። አስመለሰው። ሐኪም ቤት እንሂድ ልል አፌ ላይ ደርሶ… ‹ዛሬ ተመርምረህ ደምህ ንጹሕ ነው ተብለህ የለ? ተኛ በቃ› አልኩት። እኔ ነኝ ተኛ ያልኩት። ብርድ ልብሱንም የሳብኩለት እኔ ነኝ።»

«የምን ምርመራ ነው?»

«የጭንቅላት ጉዳት የሚያሳይ የደም ምርመራ። አዲስ የመጣው።»

መርማሪዋ ይህን ይዛ ወደ ቡድኑ ሐኪም ሄደች። ሐኪሙ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ቃሉ የተመዘነ ሰው ነው። ሲያስረዳ ደስ ይላል።

«የአንጎል ሴሎች ሲጎዱ ከውስጣቸው አምልጠው ደም ውስጥ የሚገቡ ፕሮቲኖች አሉ» አላት። «ጉዳቱ በደረሰ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማሽኑ ይለካቸዋል። ከፍ ካሉ ሰውየውን ወዲያው ሲቲ ስካን እናስነሳዋለን። ደም ፈሶ ከሆነ በጊዜ ተደርሶበት በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ሰው ይድናል። ድሮ ‹ደህና ነኝ› ያለውን ሁሉ አምነን እየላክን ስንቱን ቀበርን!»

«የእሱስ?»

«ምንም አልተገኘበትም። ስለዚህ ብረቱ ጭንቅላቱን አልጎዳውም። የተጎዳው ከምርመራው በኋላ ነው። ይህን ማለት ደስ አይለኝም፤ ግን የገደለው ወንድሙ ነው።»

«ደሙ ወደተቀዳበት ክሊኒክ አብረውት ሄዱ?»

«የእሁዱ ዝግጅት ነበረብኝ። ማዘዣ ጽፌ ላክሁት፤ ውጤቱን በስልክ ነገሩኝ።»

«እርስዎ ራስዎ አላዩትም? ዓይኑን፣ አረማመዱን፣ አነጋገሩን?»

ሐኪሙ ብዕሩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «ምርመራው ካለ… ማሽኑ ካለ ብዬ…»

ሜዳው ላይ ልምምድ አልቀረም። አሰልጣኙ «ቤት ቢቀመጡ ያብዳሉ» ብሎ አስወጥቷቸዋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ተጫዋቾቹ እጀ ጉርድ ለብሰው፣ አንዳንዱም ማልያውን አውልቆ ሲሮጥ፣ ተጠባባቂው በረኛ ብቻ እጅጌውን እስከ አንጓው ድረስ አውርዶ ላብ ያጠምቀዋል። ጎልማሳ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የመዝጊያውን ጀርባ ሲያይ የኖረ።

«እንዴት ነበራችሁ?» አለችው መርማሪዋ፣ ኳስ ይዞ ወደቆመበት ቀርባ።

«በአንድ ክፍል አድረናል፣ በአንድ ሳህን በልተናል። ምን ልበልሽ… ምን ልበልዎት?»

«እሱ ባይችል እሁድ የምትቆመው አንተ ነበርክ።»

«አዎ። ግን ምርመራው ንጹሕ ሆነ። ደስ አለኝ።»

«ወንድሙ እንደታሰረ ሰማህ?»

ኳሱ ከእጁ አመለጠ። ሲያነሳው ፊቱን አዞረ። «ሰማሁ። ክፉ ልጅ አይደለም። ብዙ… ብዙ ይፈርዱበት ይሆን?»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየችው። ከቡድኑ ሰው ሁሉ ስለ ሟቹ ሳይሆን ስለ ታሳሪው የጠየቃት እሱ ብቻ ነው።

«ሙቀቱ አያስቸግርህም?»

«ለምጄዋለሁ።»

ክሊኒኩ ከሜዳው ብዙ አይርቅም። ደም የቀዳችው ነርስ ቀልጠፍ ያለች ወጣት ናት፤ ጥያቄው ግራ አጋባት።

«በደንብ አስታውሰዋለሁ» አለች። «ደም ሥሩ ሸሸብኝ። ቀኝ ክንዱን ወጋሁት፣ እንቢ አለ፤ ደግሜ ወጋሁት። ‹ነገ ይበልዝብሃል፣ ይቅርታ› አልኩት።»

«ጡጫህን ጨብጥ ብለሽዋል?»

«ሁሌም እንላለን። አጥብቆ ጨበጠ።»

«ሁሉም ጣቶቹ ታጠፉ?»

«ታጠፉ እንጂ! ጡጫ በስንት ጣት ይጨበጣል?»

«ፊቱን ብታዪው ትለዪዋለሽ?»

ነርሷ አመነታች። «ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ጭንብል አድርጎ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ነበር። እኔ ኳስ አላይም። የበረኛ ማልያ ለብሷል፤ በማዘዣው ስም ስጠራ ‹አቤት› አለ። ሌላ ምን ልጠይቀው? ጥፋት አጥፍቼ ነው እንዴ?»

«የተረፈው ደም ተደፋ?»

«ወዲያው አንደፋም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው።»

መርማሪዋ ደሙ ታሽጎ እንዲወጣ አደረገች። ከዚያ ወደ አስከሬን ክፍል ተመልሳ ወዳጇን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። እሱም መብራቱን አስጠግቶ፣ አጉሊ መነጽሩን ይዞ የሟቹን ሁለት ክንዶች ደጋግሞ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ወሬው ሁሉ ጠፍቶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በቡድኑ የስብሰባ አዳራሽ ተጠሩ። ሚስትየዋ ጥቁር ለብሳ ጥግ ያዘች። ወንድምየው በካቴና ሲገባ ፊቷን አዞረችበት። የቡድኑ ሐኪም፣ አሰልጣኙ፣ ተጠባባቂው በረኛ፣ ነርሷና አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። መርማሪዋ አልተቀመጠችም።

«ይህ ልጅ ‹ገድያለሁ› ብሎ መጣ» ብላ ጀመረች። «የቡድኑ ሐኪምም ቃሉን በሳይንስ አጸኑለት። ቀን ላይ የሟቹ ደም ንጹሕ ከነበረ፣ የገደለው ምት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ የነካው ደግሞ ወንድሙ ብቻ ነው። ነገሩ ልክ ይመስላል። እኔን ግን አንድ ቃል ከነከነኝ። ‹አባባ የት ሄዶ ነው?›»

ወንድምየው አንገቱን ደፋ።

«በአባቱ የማይቀልድ ሰው ለምን እንዲህ ይላል? አላገጠ አልልም። የጠፋው ትዝታው ነው። አባቱ መሞታቸውን በዚያች ሰዓት አያውቅም ነበር። ይህን የተናገረው ደግሞ ከመገፋቱ በፊት ነው። ከልምምድ እንደገባም ብርሃን ጠልቶ መጋረጃ አስዘግቷል። ስለዚህ ወንድሙ በሩን ሲያንኳኳ አንጎሉ ተጎድቶ ነበር።»

«አይሆንም!» አለ የቡድኑ ሐኪም። «ምርመራው እንዲህ ያለውን ጉዳት አያልፈውም!»

«አላለፈውም። ምርመራው የተሰጠውን ደም በትክክል መረመረ። ንጹሕ ነው አለ፤ ንጹሕም ነበር። ታዲያ ደሙ የማን ነው?»

መርማሪዋ ወደ ነርሷ አመለከተች።

«ነርሷ ቀኝ ክንድ ላይ ደግማ ወግታለች፤ መበለዝ ነበረበት። የሟቹ ክንድስ?»

የአስከሬን መርማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድም የመርፌ ቀዳዳ የለም። በመጀመሪያው ቀን ራሴ ተናግሬዋለሁ፣ ምን እንዳልኩ ግን አላስተዋልኩም። ሌላም ልናገር። የአጥንቱ ስንጥቅ ክብ ብረት የመታው ነው የሚመስለው። ነገር ግን ቀን ላይ ንጹሕ ነበር ሲባል ዓይኔን ተጠራጠርኩ።»

«ነርሷ ጡጫህን ጨብጥ ስትለው ጣቶቹ ሁሉ ታጠፉ» ቀጠለች መርማሪዋ። «የሟቹ ትንሿ ጣት ከታጠፈች ዓመታት አልፈዋል። ይህም ካልበቃ፣ ከማቀዝቀዣው የወጣውን ደም ከሟቹ ደም ጋር አስተያይተናል። የደም ዓይነታቸው እንኳ አይገናኝም። በእሱ ስም ሌላ ሰው ተቀምጦ ተወጋ።»

አሰልጣኙ ጠረጴዛውን መታ። «ማነው እንዲህ ያለ እብድ?»

«የበረኛ ማልያ ያለው። ሟቹ ምስጢሩን ሊያምነው የሚችል። በጠራራ ፀሐይ እጅጌውን የማይሰበስብ። ወንድምየው ስንት ዓመት እንደሚፈረድበት ማሰብ እንቅልፍ የነሳው።» ወደ ተጠባባቂው በረኛ ዞረች። «ወንድሜ፣ እጅጌህን ሰብስበው።»

ሰውየው አልተከራከረም። እንዲያውም የተገላገለ መሰለ። እጅጌውን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲሰበስብ፣ ክንዱ መታጠፊያ ላይ መሃሉ ጠቁሮ ዳሩ ቢጫ የሆነ ብልዝ ወጣ። ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች።

«መልበሻ ክፍል ውስጥ ለመነኝ» አለ። «‹ራሴን እያዞረኝ ነው፤ ከተመረመርኩ እሁድ ቀረሁ፤ አንተ ግባልኝ› አለኝ። ጎትቼ ሐኪሙ ዘንድ ልወስደው ይገባ ነበር። እሱ መኪና ውስጥ ጠበቀኝ። ስወጣ ግንባሬን ሳመኝ።»

«እሱ ቢቀር ቦታው ያንተ ነው። ለምን ረዳኸው?»

ተጠባባቂው እጅጌውን መልሶ አወረደ።

«አልረዳሁትም» አለ። «ቢመረመር ጥቂት ሳምንት አርፎ ይመለሳል፤ እኔም ወደ ወንበሬ። ጭንቅላቱ እየዞረ በመራጮቹ ፊት ቢቆም ግን… ጎል ሲገባበት፣ ሲንገዳገድ፣ ደጋፊው ሲጮህበት ታየኝ። ያኔ ቦታው ለዘለዓለም የኔ ነው። ክንዴን ስዘረጋ ይህን እያሰብኩ ነበር። ይሞታል አላልኩም። እናቴ ትሙት፣ ይሞታል አላልኩም! የፈራሁት ነገር ቢኖር ድኖ ጥሩ እንዳይጫወት ነበር።»

«ከሞተ በኋላስ? ይህ ልጅ ሲታሰር?»

«ሌሊቱን እናገራለሁ ብዬ እወስናለሁ፤ ሲነጋ ተነስቼ ልምምድ እሄዳለሁ።»

ፖሊሱ ሲያስነሳው፣ የቡድኑ ሐኪም ከወንበሩ ብድግ አለ። «እኔንም ጻፉኝ» አለ፤ የተመዘነው ቃሉ ተበታትኖ። «ቀና አድርጌ ዓይኑን ባየው ኖሮ ምርመራም አያስፈልግም ነበር። አንድ ደቂቃ ነፈግኩት።» አሰልጣኙ ግን፣ ለሟቹ ‹እሁድ ካልቆምክ አልቆልሃል› ያለው እሱ መሆኑን የሚያውቁት ግድግዳውና ሟቹ ብቻ ስለነበሩ፣ ጫማውን እያየ ዝም አለ።

የወንድምየው ካቴና ተፈታ። አንጓውን አላሸም፤ እጆቹን እንደተያያዙ ጭኑ ላይ አስቀመጣቸው።

«ሐኪም» አለ ወደ አስከሬን መርማሪው ዞሮ። «እውነቱን ይንገሩኝ። የኔ ግፊያ ምንም አልጨመረም?»

የአስከሬን መርማሪው ሊያጽናናው ፈልጎ ነበር፤ የልጁን ዓይን ሲያይ ግን መዋሸት አልቻለም።

«የገደለው ብረቱና የባከነው ሰዓት ነው። አንተ ባትሄድም ይሞት ነበር። ምንም አልጨመረም ብዬ ግን ልምልልህ አልችልም።»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። የሚጠብቀው መልስ ነበር። «‹በሩን ክፈትለት› ነበር ያለኝ» አለ፤ ለማንም አልነበረም የተናገረው። «ብከፍትለት ምን ነበረበት?»

መርማሪዋ ዕቃዋን ሰበሰበች። ነጻ ያወጣችው ሰው ከተፈረደበት ሰው የተሻለ እንደማይመስል አየችና ወጣች።

ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ ሚስትየዋ ከጥጉ ተነሳች። ልጁ ስትቀርብ አይቶ፣ የምትመታው መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። አልመታችውም። አጠገቡ ያለውን ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

«ሲያስመልሰው ጎድጓዳ ሳህን የያዝኩለት እኔ ነኝ» አለችው። «አንተ ገፍተህ ሄድክ፤ እኔ እያየሁ አስተኛሁት።»

«እቴ፣ አንቺ ምን…»

«ተው። አንተም አታጽናናኝ፣ እኔም አላጽናናህም። አስከሬኑን ዛሬ ይሰጡናል። ብቻዬን መረከብ አልችልም።»

ልጁ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ክንዱን ይዛ አስነሳችው፣ ተደጋግፈውም ወጡ።